ጠበቃ ሰው ለክልል ምክር ቤት ይወዳደር ወይስ ችሎቱ ላይ ይቅር? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግቡ)

የሸዋ በር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ጀመዓው? አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቼ ደሴ ላይ አንድ አንጋፋ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ አንዳንዴም ወንጀል ይይዛሉ። ሰሞኑን የሰፈር ሽማግሌዎች ቢሮ ድረስ መጥተው «በሚቀጥለው ምርጫ ለክልል ምክር ቤት ቅረብልን» አሏቸው። በፓርቲ ሳይሆን በግል። ጋሼ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። «እስቲ አንተ ልጅ፣ ጠበቃ እዛ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አጥናልኝ» ብለው ሥራውን ለኔ ጣሉት።

ወረቀት ላይ ያለውን ላስቀምጥ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። የኛው ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ባሕር ዳር ይሰበሰባል። ያወጣው ሕግ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል።

የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ችሎት ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው እዛ ውስጥ ይጠቅማል? ወይስ ጥሩ ጠበቃ አጥተን እጅ የሚያወጣ ሰው ልናተርፍ ነው?

ሰኞ ገበያ፦
እጅ ለማውጣት ደግሞ ሕግ መማር ምን ያደርጋል? ጤነኛ ትከሻ ይበቃል። ጋሼን ተዋቸው፣ የኔን የውርስ መዝገብ ይጨርሱልኝ።

ኮምቦልቻዊት፦
ሰኞ ገበያ፣ ቀልድህን ወድጄዋለሁ። ግን ውርስህ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ ታውቃለህ? እኔም ጠበቃ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

ውርሱ የገጠር መሬት ከሆነ የሚሠራው በ2009 የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 ነው። ከሱ በፊት የ1998ቱ 133 ነበር። ከዛም በፊት የ1992ቱ 46። ሦስቱንም ያወጣቸው ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ፓርላማ አይደለም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው። ማን ይወርሰዋል፣ በስጦታ ለማን ይተላለፋል፣ ኪራዩ እንዴት ይመዘገባል የሚለው ዝርዝር ግን ያለው የክልሉ አዋጅ ውስጥ ነው። ደቡብ ወሎ ላይ የሚሠራ ጠበቃ እንጀራው እዛ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

ትዳርም እንደዛው። ባለጉዳይ ቢሮዬ ይመጣና ከኢንተርኔት ያነበበውን የ1992 የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ይጠቅስልኛል። እሱ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። እኛ ጋ የሚሠራው ክልሉ በ1995 ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79 ነው። ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ።

እንግዲህ እርሻህም ትዳርህም የሚዳኘው በዚሁ ምክር ቤት ሕግ ነው። ረቂቁ ሲመጣ ግን ገጽ በገጽ የሚያነበው ማነው? አንድ ንዑስ አንቀጽ ላልቶ ከተጻፈ በኋላ ስንት ወንድምና እህት እንደሚያጣላ የሚያውቀው፣ በዛች ንዑስ አንቀጽ ችሎት ላይ የተከራከረ ሰው ነው። እኔ ይግቡ ባይ ነኝ።

ሰኞ ገበያ፦
በቃ ተሸነፍኩ። ይግቡ፣ መጀመሪያ ግን መዝገቤን።

ነገረ ፈጅ፦
ኮምቦልቻዊት ያለችው ልክ ነው። ግን አንድ እሾህ አለ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 81 አንብቡት። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት። የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችንም የሚሾመው ይኸው ምክር ቤት ነው፣ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲያቀርብለት።

አሁን ጋሼን አስቧቸው። ሰኞ ባሕር ዳር ተቀምጠው ለአንድ ዳኛ ሹመት ድምፅ ይሰጣሉ። ሐሙስ ደሴ ይመለሱና እዛው ዳኛ ፊት ቆመው ደንበኛቸውን ይከራከሩለታል። ዳኛው ንጹሕ ይሁን። ጋሼም ንጹሕ ይሁኑ። ያኛው ወገን ያለው ባለጉዳይ ግን ሲሸነፍ «ድሮስ!» ብሎ ነው የሚወጣው። ይግባኝ ቢል እንኳ የሚሄደው ያው ምክር ቤት ወደሾማቸው ዳኞች ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ሰው ካላመነው ምን ቀረው?

ይግቡ። ግን ከገቡ ችሎት መቆም ያቁሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ አይሆንም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ካቆሙ ታዲያ ምን ይበላሉ? የክልል ምክር ቤት አባል እኮ ባብዛኛው ቋሚ ደመወዝተኛ አይደለም። ጉባኤ ሲጠራ ሄዶ፣ አበሉን ተቀብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። መንገዱንም አስቡት፣ በወልድያ በደብረ ታቦር ዞሮ ነው። ጋሼ ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

ቦርከና፦
ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ምን ነበር ስትሉት ሁሉም ሰው «ሴናተር» ይላል። ከዛ በፊት ግን የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አባል ነበር፣ ማለትም በኛ ቋንቋ የክልል ምክር ቤት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍ።

በ1991 ከሃርቫርድ ሕግ ተመረቀ። ቺካጎ ገብቶ የመምረጥ መብትና የሥራ ቦታ መድልዎ ጉዳዮችን የሚይዝ አነስ ያለ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ሠራ። ጎን ለጎን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት ያስተምር ነበር። በ1996 ተመረጠ፣ ጥር 1997 ወንበሩን ያዘ። ምክር ቤቱ ያለው ስፕሪንግፊልድ ነው፣ ከቺካጎ ወደ 320 ኪሎ ሜትር። ሲሰበሰቡ ይሄዳል፣ ሲበተኑ ቤቱ ይመለሳል። ማስተማሩን እስከ 2004 አልተወም። ስለዚህ የሸዋ በር ልጅ፣ የእንጀራው መልስ ይሄ ሊሆን ይችላል፦ ችሎት ያልሆነ ሌላ የሕግ ሥራ።

የገባበት መንገድ ደግሞ የለየለት የጠበቃ መንገድ ነው። እዛ ዕጩ ለመሆን የመራጭ ፊርማ ማሰባሰብ ግድ ነው። የሱ ሰዎች የተፎካካሪዎቹን ፊርማ አንድ በአንድ አገላብጠው መቃወሚያ አስገቡ። ይሄ መራጭ አልተመዘገበም፣ የዚያኛው አድራሻ አይገጥም እያሉ። ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ከፓርቲው የውስጥ ምርጫ ወጡ፣ ወንበሩን ይዛ የነበረችው አሊስ ፓልመርም ጭምር። ኦባማ ብቻውን ቀረ።

ሰኞ ገበያ፦
ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! ይችን ለጋሼ አንብብላቸው።

ሐያት ከፒያሳ፦
ያኮራል እንዴ ይሄ? ሕጋዊ ነው፣ እሺ። ግን የዛ ሰፈር መራጭ ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያገኘው። ጠበቃ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄው ነው። ክርክሩን ሳይከራከር በመቃወሚያ ያሸንፋል። ፍርድ ቤት ላይ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መዝገብ ማስዘጋት ችሎታ ነው። ምርጫ ላይ ግን የሚዘጋው የሕዝብ አማራጭ ነው።

ደግሞ እዛ ምክር ቤት ከ«አዎ» እና ከ«አይ» ሌላ «አለሁ» የሚባል ድምፅ አለ። ኦባማ እሱን ከ100 ጊዜ በላይ ተጠቅሞበታል። ደጋፊዎቹ ስልት ነው ይላሉ። እኔ ግን ወኪሌ «አለሁ» እንዲለኝ አልመረጥኩትም፣ መኖሩንማ አውቃለሁ።

ቦርከና፦
ሐያት፣ በዚህ የሚወቅሰው ብዙ ነው። ግን የሠራውንም እይለት።

ኢሊኖይ ውስጥ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች በኋላ ንጹሕ ሆነው እየተገኙ ነበር። ቁጥራቸው 13 ሲደርስ ገዥው ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣቱን አፈጻጸም አስቆመ። ከነሱ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ተገደው ያመኑ ነበሩበት። በ2003 ኦባማ በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር እንዲቀረጽ የሚያስገድድ ሕግ ይዞ ቀረበ። ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም ተቃወሙ። እሱ ቁጭ ብሎ አነጋገራቸው። ቀረጻው ለናንተም ይጠቅማል አላቸው፣ ሳይነካ «ተደብድቤ ነው ያመንኩት» የሚለውን ያጋልጣል። ሴኔቱ ላይ 58 ለ0 አለፈ። ይህንን በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዋ ግዛት ኢሊኖይ ናት።

ተከላካይ ጠበቃም ዐቃቤ ሕግም የሚፈሩትን ነገር የማያውቅ ሰው ይህንን ድርድር አይጨርሰውም።

ኮምቦልቻዊት፦
ቦርከና ምሳሌህ ጥሩ ነው፣ ግን እንደወረደ ወደ ባሕር ዳር አትውሰደው። እኛ ጋ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 55 የፌዴራሉ ነው። ክልል የሚገባው ፌዴራሉ በግልጽ ያልሸፈነው ላይ ብቻ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለ ሕግ አወጣለሁ ብለው ከሄዱ በር ላይ ነው የሚመለሱት።

የክልሉ ፖሊስ ግን የክልሉ ነው፣ አንቀጽ 52። ስለዚህ ሕግ ባያወጡም ኃላፊውን ቋሚ ኮሚቴ ፊት አቅርበው መጠየቅ ይችላሉ። የጠበቃው ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የቢሮ ኃላፊ ሪፖርት ሲያቀርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «በተሠራው የንቅናቄ ሥራ አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ይላል። ከዛ አንዱ አባል ተነስቶ ያመሰግናል፣ ሌላው «ተጠናክሮ ይቀጥል» ይላል። መስቀለኛ ጥያቄ የለመደ ሰው ግን እንዲህ ነው የሚለው፦ ስንት ሰው ታሰረ? በ48 ሰዓት ውስጥ ስንቱ ፍርድ ቤት ቀረበ? ያልቀረበው ለምን? አጭር ጥያቄ፣ አጭር መልስ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምርም። ውሸታም ምስክር እየጠየቀ ያረጀ ሰው ነው የሚችልበት።

አወያይ፦
የሰው ስም ጠቅሶ የተሳደበ አንድ መልስ አንስቻለሁ። ፓርቲ መሰዳደብም የለም። ቀጥሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

የኛ ምክር ቤት የተጀመረው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ነበሩ፣ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ሕዝብ ግን አንዱንም አልመረጠም። የሕግ መወሰኛውን የሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፣ የሕግ መምሪያውን የመረጡት ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና የሕግ መምሪያውን ሕዝብ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ምርጫው በ1950 መባቻ ተደረገ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የገቡት ያኔ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሴት። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፣ ሁሉም በግሉ ነው የቀረበው። እንዲያውም የናንተ ጋሼ ለዛ ዘመን ይመቹ ነበር። ደግሞ ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚገባው ባለርስት፣ ነጋዴ፣ ስመ ጥር ሰው ነው። የተማረ ጠበቃ ከየት ይምጣ? የሕግ ፋኩልቲው ራሱ የተከፈተው በ1956 ነው። ከዛ በፊት ጠበቃ ማለት አንደበቱ የሰላ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚሟገት ሰው ነበር። ምክር ቤቱም በ1967 መስከረም ከንጉሡ ጋር አብሮ ሄደ።

ይህን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። እኛ ወሎዎች ከጠበቃው ጎን ሌላ ሰው አለን፣ አበጋር። ደም ሲፈስ መሀል ገብቶ የሚያስታርቀው። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰማዋል፣ ምክንያቱም ወገን አይይዝም። ጠበቃ ግን ወገን ይይዛል፣ የሚከፈለውም ለዛ ነው። ሕገ መንግሥቱ ስለ ፓርላማ አባል ሲናገር የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል። ታዲያ ከሁለቱ ማን ይሻላል? እኔ ደሴ ላይ ስንት ዓመት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አበጋሩ ይግባልኝ እላለሁ።

ሐያት ከፒያሳ፦
መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የ1950ውን አላውቀውም ነበር።

ኮምቦልቻዊት፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። አበጋር ሁለት እኩያሞችን ነው የሚያስታርቀው፣ ገበሬና ገበሬ፣ ቤተሰብና ቤተሰብ። ምክር ቤት ውስጥ ያለው ግን አስፈጻሚና ዜጋ ነው። አንዱ በጀት፣ ፖሊስና ማኅተም አለው። ሌላው ማመልከቻ ብቻ ነው ያለው። እዛ መሀል ገብተው ቢያስታርቁን የምንሸነፈው እኛ ነን። ወገን የሚይዝልን ያስፈልገናል።

ጡረተኛው መምህር፦
አይ አንቺ ልጅ! አበጋር እኮ ዳኛም ሹምም ይመክራል። ደጁ ላይ ጉልበተኛው ነው ቀድሞ የሚጎነበስ። ግን ነገርሽ ገብቶኛል። ወገን የሚይዝ ከተባለ፣ ቀጣሪው ማን እንደሆነ ይወቅ እንጂ።

ነገረ ፈጅ፦
እሱ ላይ ነው ዋናው ነገር። ጠበቃ ውክልና የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። ከፍሎታል፣ ስሙን ያውቀዋል፣ ካልተስማማው ውክልናውን ያነሳበታል። ምክር ቤት ላይ ግን ያልመረጠህም ደንበኛህ ነው። የይዞታ ክርክር ላይ የረታኸው ገበሬም የምርጫ ክልልህ ውስጥ ነው ያለው። ደሴ ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ጠበቃ ከተማውን ግማሽ ረትቷል፣ ለግማሹ ረትቶለታል። ጋሼ ፊርማ ሲያሰባስቡ ያዩታል።

ቦርከና፦
ሌላም ጥያቄ አለ። በ294 ሰው መሀል አንድ የግል ተወካይ ምን ያደርጋል? በኛ አቆጣጠር በ2002ቱ ምርጫ ፌዴራል ፓርላማው 547 ወንበር ሲኖረው የተቃዋሚው ወንበር አንድ ነበር፣ አቶ ግርማ ሰይፉ። እሳቸው ጠበቃ አልነበሩም። አምስት ዓመት ብቻቸውን ጠየቁ፣ ብቻቸውን ተቃወሙ። ያስቀሩት ሕግ የለም። ግን ሕጉ ሲወጣ አንድ ሰው እጁን እንዳላወጣ ተመዝግቧል። ይሄ ለጋሼ ይበቃቸዋል? ራሳቸውን ጠይቃቸው።

ሐያት ከፒያሳ፦
ኦባማን ትተን እኔ የማደንቃትን ልጥቀስ፣ ባርባራ ጆርዳንን። የቴክሳስ ሰው ናት። በ1959 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ጨረሰች። ሂውስተን ስትመለስ ሥራ የጀመረችው ወላጆቿ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። በ1962 ተወዳደረች፣ ተሸነፈች። በ1964 ደገመች፣ ተሸነፈች። የምርጫ ክልል ድልድሉ ሲስተካከል በ1966 ለግዛቱ ሴኔት አሸነፈች። ከ1883 ወዲህ እዛ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። ከ31 ሴናተር ሌሎቹ 30ው ነጭ ወንዶች ነበሩ። ሰው ሁሉ ትጮሃለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ የምክር ቤቱን የሥነ ሥርዓት ደንብ በቃሏ እስኪመስል አጠናችው። የቴክሳስን የመጀመሪያ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ካሳለፉት አንዷ ናት። በ1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት።

የዝቅተኛ ደመወዙን ነገር ሳነሳ ኮምቦልቻ ትዝ ይለኛል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ አለ። እዛ የሚሠሩ ልጆች ስለ ደመወዛቸው የሚጠይቅላቸው ማነው?

ኮምቦልቻዊት፦
ሐያት፣ ነካሽኝ። ግን የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ በአንቀጽ 55 የፌዴራሉ ነው። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ያንን የሚገፋ ሰው መቀመጥ ያለበት አዲስ አበባ ነው፣ ከክልላችን በሚሄዱት 138 ወንበሮች በአንዱ ላይ። መሬትና ቤተሰብ ከሆነ ባሕር ዳር። ዕጩ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ለይቶ ቢያውቅ የምርጫ ቅስቀሳው ግማሽ ውሸት ይቀንሳል። መንገድ እሠራለሁ፣ ኔትወርክ አስገባለሁ፣ ደመወዝ አስጨምራለሁ ይሉናል፣ የትኛው ምክር ቤት ምን እንደሚችል ሳያውቁ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ክሩን አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። በስልክ ማንበብ አይወዱም። የነገረ ፈጅን መልስ በእስክሪብቶ አሰመሩበትና «ይሄ ሰው ችሎት ያውቃል» አሉ። መምህርንም ያወቋቸው መሰለኝ፣ ሳቁ።

ያሉኝ እንዲህ ነው። ከገቡ አዲስ መዝገብ አይከፍቱም። ያሉትን ደንበኞቻቸው ከተስማሙ ለሌላ ጠበቃ ያስተላልፋሉ። ቢሮው ምክርና የውል ዝግጅት ብቻ ይሠራል። ገቢው ይቀንሳል፣ እሱን ከባለቤታቸው ጋር ይነጋገሩበታል። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ይነግሯቸዋል፦ መንገድም ኔትወርክም ቃል አልገባም፣ ረቂቅ ሲመጣ አነባለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። በዚህ ካልተስማሙ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ነገረ ፈጅ፦
በዚህ ከሆነ ለዕጩነት ፊርማ ሲዞሩ የኔን ይውሰዱ። በነገራችን ላይ አንድ መዝገብ ረትተውኛል።

ሐያት ከፒያሳ፦
አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። እዚህ ክር ላይ አዋጁን በቁጥር፣ ሕገ መንግሥቱን በአንቀጽ ያወቀችው ኮምቦልቻዊት ናት። «አንቺስ?» ያላት ሰው ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ጋሼ ቢሮ ሄዱ፣ አንቺ ቢሮ መጥተዋል?

ኮምቦልቻዊት፦
አልመጡም። ቢመጡም የማቀርብላቸው ጥያቄ አለ። ልጆቼ ትንንሾች ናቸው፣ ጉባኤ ስሄድ እናቴ ትይዝልኛለች እንበል። ቢሮዬ ግን እንደ ጋሼ የቆየ አይደለም። ችሎት ካቆምኩ ኪራዩን አልችለውም፣ የውል ዝግጅት ብቻ አያቆመውም። የነገረ ፈጅ ሐሳብ ትክክል ነው፣ ግን በሱ መሠረት ምክር ቤት የሚገባው ወይ የተጠራቀመ ገንዘብ ያለው ጠበቃ ነው፣ ወይ ጡረታ የደረሰ። ይህንን ማን ያስተካክለው? አባላቱ ቋሚ ደመወዝ ይኑራቸው ካልን በጀቱን የሚያጸድቀው ራሱ ምክር ቤቱ ነው።

ይህን አዲስ ክር ላይ ብንነጋገርበት ይሻላል። ሐያት፣ አንቺ ክፈችው።